ሲጎተት የማይበጠስ፣ ሲገፋ የሚጎብጥ፦ በጋራዥ የሚሠራ የመጎተቻ ዘንግና ሳይንሱ

ከጎሃ ጽዮን አፋፍ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ድልድይ የሚያቆለቁለው ጎዳና በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከድልድዩ ማዶም ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። በዚህ መንገድ የተጓዘ ሁሉ፣ ከኋላና ከፊት ድንጋይና ቅጠል የተደረደረላቸው የተበላሹ የጭነት መኪናዎችን ማየቱ አይቀርም። መኪናው ከነጭነቱ መንገድ ዘግቶ እንዲያድር ስለማይፈለግ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መፍትሔ አንድ ነው፤ ሌላ መኪና ይጎትተዋል። መጎተቻውም ሰንሰለት፣ የብረት ገመድ፣ ወይም በአቅራቢያው ያለ ጋራዥ ከቱቦና ከወፍራም ላሜራ በይዶ የሠራው ዘንግ ይሆናል።

ዘንጉን የሚሠራው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ጥንካሬውን የሚገምተው በዓይኑና በልምዱ ነው። «ይህን የሚያህል ብረት እንዴት ይሰበራል?» ይባላል። ለመሆኑ አንድ የመጎተቻ ዘንግ ምን ያህል ኃይል ይሸከማል? የሚበላሸውስ ሲጎተት ነው ወይስ በሌላ ጊዜ? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ከሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ብዙም ሳይርቅ ለመመለስ ይሞክራል። ስሌቱ ቀላል ቢሆንም ውጤቱ ግን ብዙዎቻችን ከምንገምተው የተለየ ነው።

ገመድ ወይስ ዘንግ?

ገመድና ሰንሰለት አንድ ሥራ ብቻ ያውቃሉ፤ ይስባሉ። መግፋት አይችሉም። ስለዚህ ፊተኛው መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ገመዱ ይረግባል፤ ኋለኛው መኪና ይቀርባል፤ እንደገና ጉዞ ሲቀጠል ደግሞ የረገበው ገመድ በድንገት ይወጠራል። ጉዳቱ ያለው በዚህች ቅጽበት ነው። እያንዳንዳቸው 12,000 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት መኪናዎችን እናስብ። ገመዱ በረገበበት ጊዜ ፊተኛው ከኋለኛው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢፈጥን፣ ገመዱም አንድ ሚሊ ሜትር ለመለጠጥ 1,000 ኒውተን የሚጠይቅ ቢሆን፣ በሚወጠርበት ጊዜ የሚያርፍበት ኃይል ከ100 ኪሎ ኒውተን ይበልጣል። ይህ ወደ 10,000 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ዕቃ ገመዱ ላይ እንደማንጠልጠል ነው። ከዚህም በላይ የተለጠጠ ገመድ እንደ ተሳበ ቀስት ጉልበት ያከማቻል። ከተበጠሰ ያ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ይለወጥና ጫፉ በአጠገቡ የቆመውን ሰው እስከ መግደል ይደርሳል። ገመድ በተወጠረበት ቦታ ማንም እንዳይቆም የሚከለከለውም ለዚሁ ነው።

ዘንግ ግን ይስባልም፣ ይገፋልም። በዚህ ረገድ ከሞፈር ይልቅ ለጋሪ እንጨት ይቀርባል። በሬዎች ሞፈሩን ሁልጊዜ እንደሳቡት ናቸው። የጋሪ ፈረስ ግን ቁልቁለት ሲወርድ ጋሪው ከኋላው ይገፋዋል፤ ሁለቱ የጋሪ እንጨቶችም በዚያን ጊዜ የሚሠሩት ሥራ ከመሳብ ፈጽሞ የተለየ ነው። የከባድ መኪና የመጎተቻ ዘንግ ዕጣም እንዲሁ ነው።

ለመጎተት የሚያስፈልገው ኃይል

የሚጎተተው መኪና 12,000 ኪሎ ግራም ይሁን፤ ዳገቱም በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር የሚወጣ ይሁን። ዘንጉ ሦስት ነገሮችን ማሸነፍ ይኖርበታል። የመጀመሪያው የጎማ ተንከባላይ ሰበቃ ሲሆን፣ በጥሩ አስፋልት ላይ የክብደቱን አንድ በመቶ ያህል ስለሆነ 1.2 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው መኪናውን ወደ ታች የሚስበው የስበት ኃይል ክፍል ሲሆን፣ ይህም 8.2 ኪሎ ኒውተን ነው። ሦስተኛው የቆመውን መኪና ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ነው። በየሴኮንዱ ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.5 ሜትር እንዲጨምር ከተፈለገ 6 ኪሎ ኒውተን ይጠይቃል። ድምሩ 15.4 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። ይህም 1,570 ኪሎ ግራም ክብደት ያለውን ዕቃ እንደ ማንሣት ነው።

አሁን ይህን ኃይል ለመሸከም ምን ያህል ብረት እንደሚበቃ እንይ። ተራ የግንባታ ብረት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 240 ኒውተን ገደማ እስኪያርፍበት ድረስ ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ ቅርጹ በቋሚነት ይበላሻል። ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ድፍን ዘንግ እንደ ሸንኮራ አገዳ ቢቆረጥ የሚታየው ፊት 314 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። 15.4 ኪሎ ኒውተን ለዚህ ስፋት ሲካፈል በየስኩዌር ሚሊ ሜትሩ 49 ኒውተን ብቻ ይሆናል። አውራ ጣት የምታህል ዘንግ፣ ያንን ሁሉ መኪና ዳገት ለዳገት ስትጎትት አቅሟ የሚፈቅደውን አንድ አምስተኛ ብቻ ነው የምትጠቀመው ማለት ነው።

እንግዲህ በዚህ ስሌት ብቻ የሚቆም ሰው፣ የጋራዡን ዘንግ «ከሚገባው በላይ ወፍራም ነው» ሊል ይችላል። ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው።

ፍሬን ሲያዝ

መኪናዎቹ ወደ ታች እየወረዱ ነው እንበል፤ ፍጥነታቸው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። ፊተኛው ሹፌር በመንገዱ ላይ ከብት አይቶ ፍሬን ይዟል። በ21 ሜትር ገደማ ውስጥ ለመቆም ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በሴኮንድ 3 ሜትር መቀነስ አለበት። የሚጎተተው መኪና ፍሬን የማይሠራ ከሆነ እርሱንም የሚያቆመው ዘንጉ ነው። ኃይሉን ስናሰላ መኪናውን ለማቆም 36 ኪሎ ኒውተን፣ ቁልቁለቱን ለመቋቋም 8.2 ኪሎ ኒውተን ሆኖ፣ የጎማው ሰበቃ የሚያግዘው 1.2 ሲቀነስ 43 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ይህ ዳገት ሲወጣ ከነበረው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ከመጠኑ ይልቅ ግን አቅጣጫው ነው የሚያሳስበው፤ ዘንጉ አሁን የሚሳብ ሳይሆን የሚጨመቅ ነው።

አንባቢ ይህን ልዩነት በአንዲት ሰበዝ ሊሞክረው ይችላል። ሰበዟን በሁለት ጫፍ ይዞ ሲስቧት በቀላሉ አትበጠስም። ጫፎቿን ወደ መሃል ሲገፏት ግን ወዲያውኑ ወደ ጎን ትጎብጣለች። የጎበጠችው ቁሷ ስላነሰ ሳይሆን ቀጭንና ረጅም ስለሆነች ነው።

ይህን ክስተት በ1744 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያስቀመጠው ስዊዘርላንድ ተወላጁ ሌዎናርድ ኦይለር ነው። ኦይለር እንዳሳየው፣ አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ሳይጎብጥ ሊሸከመው የሚችለው ግፊት በሁለት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው ርዝመቱ ሲሆን፣ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ሁለተኛው ብረቱ ከዘንጉ መሃል መስመር ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ነው። ርዝመቱ 2.5 ሜትር የሆነችው ያቺ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ዘንግ በዚህ ቀመር ስትሰላ የምትጎብጠው በ2.5 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። በመሳብ 75 ኪሎ ኒውተን የምትችል ዘንግ በመገፋት የሁለት ተኩል ኩንታል ክብደት ታሸንፋታለች። 43 ኪሎ ኒውተን ሲመጣባትማ ከመቅጽበት ትጎብጥና ኋለኛው መኪና በፊተኛው ላይ ይወጣል።

ባዶው ቱቦ ለምን ይበልጣል?

ተፈጥሮ ይህን ችግር ከኦይለር ብዙ ዘመን በፊት ፈትታዋለች። ሸንበቆና ቀርከሃ፣ የስንዴም አገዳ መሃላቸው ባዶ ነው። ለጥንካሬ የሚያገለግለውን ቁስ ከመሃል አንሥተው ወደ ዳር ስለወሰዱት በጥቂት ቁስ ረጅም ቁመት ይዘው ይቆማሉ።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ንጽጽር በብረት እናድርግ። በተለምዶ ባለ 3 ኢንች የሚባለው ወፍራም የብረት ቱቦ ውጫዊ ስፋቱ 88.9 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 2.5 ሜትር የሆነው ቁራጭ 28 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የኦይለር ቀመር ለዚህ ቱቦ የሚሰጠው የመጉበጫ ኃይል 397 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገን 43 ኪሎ ኒውተን ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል። ያንኑ 28 ኪሎ ግራም ብረት አቅልጠን ወደ ድፍን ዘንግ ብንለውጠው ውፍረቱ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ አቅሙ ግን ወደ 52 ኪሎ ኒውተን ይወርዳል። ብረቱ ያው፣ ክብደቱ ያው ሆኖ ጥንካሬው ከሰባት እጥፍ በላይ ተለያየ።

ታዲያ ባለ 2 ኢንቹ የውኃ ቱቦስ አይበቃም ወይ? በቀመሩ መሠረት 87 ኪሎ ኒውተን ስለሚችል የሚበቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ የኦይለር ቀመር ዘንጉ ፍጹም ቀጥ ያለ እንደሆነ ይገምታል። በጋራዥ ጥግ ተጥሎ የቆየ፣ ከዚህ በፊት በአንድ ኩርባ ላይ ተመትቶ መሃሉ ከቀጥታው መስመር 5 ሴንቲ ሜትር የወጣ ቱቦ ግን ከመጨመቁ በተጨማሪ ይታጠፋል። ሁለቱ ሲደመሩ በባለ 2 ኢንቹ ቱቦ ላይ የሚያርፈው በየስኩዌር ሚሊ ሜትሩ 300 ኒውተን ያህል ይደርሳል፤ ይህ ብረቱ ከሚችለው 240 በላይ ነው። ባለ 3 ኢንቹ በተመሳሳይ መጣመም የሚደርስበት ወደ 106 ኒውተን ብቻ ነው። ስለዚህ «ትንሽ ቢጣመም ምን ይሆናል» የሚለው አነጋገር ለአንዱ ቱቦ የሞት፣ ለሌላው የትዕግሥት ጉዳይ ነው። የተጣመመ ዘንግ በመዶሻ ተቃንቶ ወደ ሥራ ከመመለስ ይልቅ ቢጣል ይመረጣል።

ፔርኖውና ብየዳው

ዘንግ በሁለት ጫፉ ከመኪናዎቹ ጋር የሚያያዘው በፔርኖ፣ ማለትም በቀዳዳ ውስጥ በሚያልፍ አጭር ድፍን ብረት ነው። ፔርኖ የሚበላሸው እንደ መቀስ በሚቆርጥ ኃይል ነው። የዘንጉ ጫፍ በሁለት የላሜራ ጆሮዎች መካከል ገብቶ ከተያያዘ፣ ፔርኖው ለመቆረጥ በሁለት ቦታ መሸነፍ አለበት። አንድ ጆሮ ብቻ ካለ ግን የሚቋቋመው በአንድ ቦታ ነው፤ አቅሙ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከዚያም በላይ ይታጠፋል። ውፍረቱ 30 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ ብረት በሁለት ጆሮ 196 ኪሎ ኒውተን ያህል ይችላል። ፔርኖው ሲጠፋ በምትኩ የሚሰካው ባለ 16 ሚሊ ሜትር ተራ ብረት ግን 55 ኪሎ ኒውተን ብቻ ስለሚችል፣ ከ43ቱ የሚለየው ጥቂት ነው።

የዘንጉ ደካማ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ብየዳው ነው። የባለ 3 ኢንቹ ቱቦ ዙሪያ 279 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያውን በሙሉ በ6 ሚሊ ሜትር ብየዳ ቢታሰር፣ ለብየዳ በጥንቃቄ የሚፈቀደውን በየስኩዌር ሚሊ ሜትሩ 95 ኒውተን ገደማ ወስደን ስናሰላው ወደ 110 ኪሎ ኒውተን ይችላል። ባለሙያው ከሥር በኩል ለመድረስ ስለተቸገረ ሲሶውን ብቻ በይዶ ቢተወው ግን አቅሙ ወደ 37 ይወርዳል፤ ከሚያስፈልገው በታች ሆነ ማለት ነው። ከላይ ሲታይ ግን ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ ለበያጁ ሁለት ማስጠንቀቂያዎችን መጨመር ይገባል። ዚንክ የተቀባ የውኃ ቱቦ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ሕመም ስለሚያስከትል ቅቡ አስቀድሞ ተፍቆ መነሣት አለበት። ሁለት ጫፉ የተደፈነ ቱቦም በውስጡ የታመቀው አየር ወይም እርጥበት ሲሞቅ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ትንሽ መተንፈሻ ቀዳዳ ሊበሳለት ያስፈልጋል።

የባሌስትራ ብረት ለምን ይከዳል?

በጋራዦቻችን ከሚዘወተሩት ቃላት ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ቡሎንና ባሌስትራን የመሳሰሉት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ባሌስትራ በጣልያንኛ የቀስት መሣሪያም ስም ነው። እንደ ቀስት ታጥፎ የሚመለስ ብረት በመሆኑ ስሙ ይገባዋል። ጠንካራነቱን ያዩ ሠራተኞች ከአሮጌ ባሌስትራ የመጎተቻ ጆሮና ቀለበት ይቆርጣሉ። ሐሳቡ ምክንያታዊ ቢመስልም ከብየዳ ጋር ሲገናኝ አደገኛ ይሆናል።

ምክንያቱ ካርቦን ነው። ተራ የግንባታ ብረት ሩብ በመቶ የማይሞላ ካርቦን ሲኖረው፣ የባሌስትራ ብረት ግማሽ በመቶና ከዚያ በላይ አለው። ብየዳው ያጋለው የብረት ክፍል በዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱ ተመጥጦ በፍጥነት ሲበርድ፣ ካርቦኑ የሚወጣበት ጊዜ ስለማያገኝ በብረቱ የአቶም ድርድር ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የሚፈጠረው ማርቴንሳይት የሚባል፣ እንደ ብርጭቆ ጠንካራም ተሰባሪም የሆነ ቁስ ነው። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ከያዘ ደግሞ ከውኃው የሚለቀቀው ሃይድሮጅን ወደዚያው ክፍል ዘልቆ ገብቶ፣ ብየዳው ካለቀ ከሰዓታት በኋላ እንኳ ስንጥቅ ይፈጥራል። ማታ ደህና የነበረ ብየዳ ጠዋት ሊሰነጠቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ብረቱን አስቀድሞ ማጋልና በዝግታ ማብረድ አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ለሚበየድ የመጎተቻ ክፍል ባሌስትራን አለመጠቀም ነው።

ስንጥቅን ለመፈለግ ውድ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም። የብየዳው አካባቢ ከቀለምና ከዝገት ይጸዳል፤ ላምባ ይቀባል፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ በደንብ ተጠርጎ በተፈጨ ጠመኔ ይሸፈናል። በስንጥቅ ውስጥ የገባው ላምባ ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ሲወጣ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ይህ ዘዴ በባቡር ድርጅቶች የጥገና ክፍሎች ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

እርጥብ መንገድና ኩርባ

ዘንጉ ቢጠነክርም ፊተኛው መኪና ሁለቱን ማቆም መቻል አለበት። በእርጥብ አስፋልት ላይ የጎማው መያዣ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ነው። 12,000 ኪሎ ግራም የሆነ ጎታች መኪና እንግዲያው 47 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው የሚኖረው። የጎማዎቹ ሰበቃ የሚያግዘው ከተቀነሰ በኋላ፣ ከዚህ ውስጥ 14ቱን የሁለቱም መኪናዎች ቁልቁለት ይወስደዋል። በቀረው ኃይል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ የነበሩት ለመቆም 45 ሜትር ያስፈልጋቸዋል። በ15 ኪሎ ሜትር ከሄዱ ግን ከ7 ሜትር ባነሰ ርቀት ይቆማሉ። ፍጥነትን መቀነስ የትኛውንም ብረት ከማወፈር የበለጠ ዋስትና የሚሰጠው ስለዚህ ነው።

ኩርባ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። ዘንጉ ከፊተኛው መኪና ጋር የ30 ዲግሪ ማዕዘን በሠራበት ጊዜ ፍሬን ቢያዝ፣ ከ43ቱ ኪሎ ኒውተን 21.5 ያህሉ የመኪናውን ጀርባ ወደ ጎን ይገፋዋል። ጭነት የሌለው መኪና በኋላ ጎማዎቹ ላይ 4,000 ኪሎ ግራም ብቻ ቢያርፍ፣ በደረቅ መንገድ እንኳ መያዣው ከ27 ኪሎ ኒውተን ብዙ አይበልጥም፤ ያንኑ መያዣ ፍሬኑም ይሻማዋል። ውጤቱ የጀርባ መንሸራተትና መኪናው እንደ ሰንጢ መታጠፍ ነው። ቀላል መኪና ከባዱን አይጎትት የሚባለው በጉልበቱ ማነስ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ከመነሣት በፊት

በአየር ፍሬን የሚሠሩ ብዙ ከባድ መኪናዎች አየር ሲያልቅባቸው የኋላ ጎማዎቻቸው በምንጭ ብረት ይታሰራሉ። ሞተሩ የጠፋውን መኪና ለማንቀሳቀስ ሠራተኞች ምንጩን በቡሎን ስበው ይፈቱታል። በዚያች ቅጽበት መኪናው ያለ ምንም ፍሬን ይቀራል። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት ጎማዎቹ በድንጋይ መያዝ፣ ዘንጉም መታሰር አለበት። ከዚህ የሚሻል መንገድም አለ። ተሳቢ በቱቦ ከፊተኛው መኪና አየር እንደሚቀበለው ሁሉ፣ የተበላሸው መኪናም ተስማሚ ቱቦ ተገጥሞለት አየር ቢያገኝ የራሱን ፍሬን ይጠቀማል፤ በዘንጉ ላይ የሚመጣው ግፊትም እጅግ ይቀንሳል።

መሪው ያለ ሞተር እርዳታ ስለሚከብድ በሚጎተተው መኪና ላይ ልምድ ያለው ሹፌር ይቀመጥ እንጂ ረዳት አይቀመጥ። ኃይል ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግም ረጅም ጉዞ ከሆነ ይፈታ፤ አለበለዚያ ሞተሩ ሳይሠራ የሚሽከረከሩት የካምቢዮ ክፍሎች ዘይት ሳያገኙ ይቃጠላሉ። ከዘንጉ ጎን መጠባበቂያ ሰንሰለት ማሰርም አይዘንጋ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ቢሆን እንደ ዓባይ በረሃ ላለ ቁልቁለት ገደብ አለው። ሁለት ባለ 12,000 ኪሎ ግራም መኪናዎች 1,300 ሜትር ሲወርዱ የሚለቁት ጉልበት 306 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ከ900 ሊትር በላይ ውኃ፣ ማለትም ከአራት በርሜል የሚበልጥ፣ ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ጥቂቱን ሰበቃውና የሞተሩ ማርሽ ቢወስዱትም የቀረው የሚያርፈው በአንድ መኪና ፍሬን ላይ ነው። ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። ፍሬን የሌለውን መኪና በዚህ ቁልቁለት በዘንግ ማውረድ ስለዚህ በየትኛውም ውፍረት ያለ ቱቦ አይፈታም፤ እንዲህ ያለው መኪና በሎቤድ ተጭኖ ይውረድ፣ ወይም ባለበት ተጠግኖ ፍሬኑ ይመለስለት። ዘንጉ የሚያገለግለው በሜዳ፣ በዳገትና ለአጭር ርቀት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዝግታ ነው።